የቅሬያችን የእድገት ዕቅድ

ዓለም አንድ ቀን ማደጓን ብታቆም ምን ይውጠናል? ይህን የምጠይቃችሁ ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም፤ ለመደንገጥማ ሌላ በቂ ነገር ሞልቷል። ግን እስቲ አስቡት። ፋብሪካው ከአምናው የበለጠ ሳሙና አያመርትም። አስፋልቱ ከአምናው አይረዝምም። ዜና አንባቢው በማታው ዜና "ኢኮኖሚያችን ዘንድሮም እንዳምናው ነው፤ ደህና እደሩ" ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ይነሣል። ያን ጊዜ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምን ይሠራል? "ዘንድሮ እንዴት ነው ሥራ?" ሲሉትስ ምን ብሎ ይመልሳል?

ነገሩን ያነሣብኝ ወልድያ አብሮኝ የሚያስተምር የኢኮኖሚክስ መምህር ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ወደ መርሳ የሚመልሰኝን ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ምድር ውስን ስለሆነች እድገት የሚባለው ነገር አንድ ቀን ጣሪያው ጋ ደርሶ ይቆማል የሚሉ ምሁራን እንዳሉ አጫወተኝ። ሲነግረኝ መርዶ እንደያዘ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን እየቃኘ ነው። እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሻይ ጠጪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "ምን ያስቅሃል? ዓለም ቀጥ ልትል ነው እኮ የምልህ!" አለኝ ተቆጥቶ። "ወንድሜ፣ ከእድገት በኋላ ያለውን ዓለም እኔ አይቼው መጥቻለሁ። ሚኒባስ ከተገኘ ሩቅ አይደለም" አልሁት። በዚህ መሐል ረዳቱ "መርሳ! ውርጌሳ!" እያለ መጮህ ስለጀመረ ታሪኩን ሳልነግረው ተነሥቼ ሮጥሁ። ከእናንተ ጋር ግን የሚያስቸኩለኝ ረዳት የለምና ልንገራችሁ።

መቼም እኛ የዛሬ ሰዎች ማደግ የሚሉት ነገር ከደማችን ገብቷል። "የማያድግ ልጅ ቅዘን ይበዛበታል" ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ደግሞ ቅዘኑን ፈርተን ሱቁም ይደግ፣ ቢሮውም ይደግ፣ ሰልፉም ይደግ ብለናል። እሺ፣ ማደጉን የማይተው ልጅስ? የእኔ ልጅ ጎልምሶ፣ ጢም አውጥቶ፣ ዛሬም በየዓመቱ ሱሪው ቢያጥረው ፀበል ይዤው ነበር የምሮጠው። ይህን ያህል እንኳ ሳናስብ ነው የእድገት ነገር መርሳ ድረስ መጥቶ፣ ሌላ የሚያሳድገው ሲያጣ፣ ቅሬያችንን ያዘ።

ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ኀዘንተኛ ያስተዛዝናል፤ በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። የእኛ ሰፈር ቅሬ እስላም ክርስቲያን አይልም። ሼኹም ቄሱም እኩል አባል ናቸው፤ ሼኹ ሲሞቱ ቄሱ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ቄሱ ሲሞቱ ሼኹ አግዳሚ ይሸከማሉ። ንብረቱም ያው ድስት፣ ሰታቴ፣ አግዳሚ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንኳኑ ነው። ድንኳናችን አንድ ጎኑ በጥቁር ጨርቅ የተጣፈ ወፍራም አረንጓዴ ሸራ ነው። ከውርጌሳ እስከ ግራና ከተማ የማያውቀው ሰው የለም። ከተገዛ ጀምሮ ለሞት ካልሆነ ቆሞ አያውቅም ነበር። እሱ ከቆመ አንድ ሰው ተኝቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ኋላ እንዳትጠይቁኝ። እኛ ጋ ልቅሶ ሲታይ ቆሞ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል። ከዚያ ይቀመጣል። ማን እንደሞተ ቀስ ተብሎ ከጎን ካለው ሰው የሚጣራው ከዚያ በኋላ ነው። ደጅ ላይ ቆሞ "ማን ነው የሞተው?" የሚል ሰው ሬሳ ሊያማርጥ የመጣ ነው ይባላል።

የቅሬያችን ዳኛ፣ ሊቀመንበር ማለት ነው፣ አቶ ልየው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዕቅድ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከሌላ አገር በሥራ ተዛውረው መጥተው መርሳ ጎጆ ቀልሰው የቀሩ ሰው ናቸው። ደግ ናቸው፤ ክፋት የሚባል አልፈጠረባቸውም። ጡረታ የወጣው ግን ሰውየው እንጂ ዕቅዱ አይደለም። ሁልጊዜ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ አለ፤ አንዱ ቢደርቅ እድገት እንዳይቋረጥ። እኛም ስብሰባ መውደዳቸውን አይተን ዳኛ አድርገን መረጥናቸው። በመጀመሪያው ጉባኤ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና እንዲህ ብለው ጀመሩ፦

"የተከበራችሁ አባላት፣ ያለፈው ዓመት አፈጻጸማችን ዝቅተኛ ነበር።"

"የምን አፈጻጸም?" አለ አንዱ ከኋላ።

"የአገልግሎት። ከካቻምናው ጋር ሲነጻጸር ቀንሰናል።"

የቅሬ አገልግሎት መቅበር መሆኑ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ነው የታየን። አንዲት እናት ብድግ አሉና "ኧረ በነቢ! የሞተው ሰው አነሰ ነው እሚሉን?" ብለው ጮኹ። "አልሐምዱሊላህ" አለ ግማሹ፤ "ተመስገን" አለ ግማሹ። አቶ ልየው ክፉኛ ደነገጡ። ዕቅድ ሲያወጡ ኖረው አፈጻጸሙ በመቀነሱ ፈጣሪ የተመሰገነበት ስብሰባ አይተው አያውቁም። ላባቸውን ጠራርገው ግን ተመለሱ፤ ዕቅድ አውጪ በቀላሉ አይሞትም።

"እሺ፣ እሱን እንተወው። በሟች ማደግ አንችልም፤ በድንኳን ግን እንችላለን! ይህ ድንኳን ሰው እስኪሞት ድረስ መጋዘን ተኝቶ ይከርማል። ሥራ ፈት ሀብት ነው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለስብሰባ እናከራየው። ቅሬያችን ይደግ!"

አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ድንኳን ሥራ ፈት ነው ሲባል ከዚያ በፊት ሰምቼ ስለማላውቅ ነገሩ አዲስ ሆኖብኝ ደስ አለኝ። ጭብጨባው ሲበርድ ከጥግ አንድ እጅ ተነሣ። አያ ይመር ነበሩ። አያ ይመር ከሰፈራችን በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። ሚስታቸው ሐዋ ከሞቱ ወዲህ ማንጎ ተክላቸው መሐል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በመስኖ ውኃ የተጣላ ካለ የሚያስታርቁ፣ ራሳቸው በውኃ ሲጣሉ ግን አስታራቂ የማይገኝላቸው ሰው ናቸው።

"እኔ ወረፋዬ ደርሷል" አሉ። "ድንኳኑ ወልድያ ሥራ ሄዶ ሳለ ብሞትስ?"

ሰዉ ሳቀ። አቶ ልየውም ፈገግ ብለው "አያ ይመር፣ አንቱማ ገና ነዎት" አሏቸው።

"ገና መሆኔን ማን ነገረህ?" አሉና ቀጠሉ። "ልጄ፣ ነገሩ የሸራው አይደለም። ሰዉም እንደ ሸራው ሥራ ሥራ እያለ ነው። ልጆቼ ዐረብ አገር ናቸው። ጎረቤቴ ጀንበር ሳትወጣ ወጥቶ ከጠለቀች በኋላ ይገባል፤ ሰላምታውን እንኳ በጓሮ ነው የሚወረውርልኝ፣ እሱንም ሳንጣላ። ቀኔ ሲደርስ የሚመጣ ሰው ይኖራል ወይ ነው የምላችሁ።"

እጅ አውጡ ተባለ፤ ወጣ፤ ዕቅዱ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲያማ ድንኳናችን ሥራ በዛበት! ዛሬ ወልድያ ምርቃት ነው፣ ነገ ሌላ ከተማ የሳሙና ማስታወቂያ ነው፣ ከነገ ወዲያ የአንድ መሥሪያ ቤት ግምገማ ነው። የድሮው አግዳሚ ወደ ኋላ ተገፍቶ የፕላስቲክ ወንበር ተገዛ። ትልልቅ ጀበናዎች፣ ትልልቅ በርሜሎች፣ የሚያብለጨልጭ ሰታቴ መጣ። አቶ ልየው ወጣት ሆኑ! መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታ በፊት "አደግን እኮ!" ይሉኛል። የቅሬያችን ማደግ እኔን ምን እንደጠቀመኝ ባላውቅም እኔም "እንዴታ!" እያልሁ ደረቴን ነፋ አድርጌ አልፋለሁ። እድገት እንዲህ ነው፤ ማን እንዳደገ ባይታወቅም ደስ ይላል።

አያ ይመር ግን ከሳ አሉ። ጠዋት ጠዋት ወደ ማንጓቸው ሲወርዱ በመጋዘኑ በኩል እየዞሩ ዘበኛውን "ድንኳኑ የት አደረ?" ይሉታል። "ወልድያ" ካላቸው ያን ቀን ጭንቅ ነው፤ ሳል እንኳ ቢመጣባቸው ይውጡታል። "እዚሁ አድሯል" ካላቸው "እንግዲህ እንደፈቀደ" ብለው በዘንጋቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ ይሄዳሉ። ሰው ይስቅባቸዋል። እኔም ስቄባቸዋለሁ። አንድ ቀን ግን በመንገድ አብረን ስንሄድ "መምህር፣ መሞትን አልፈራም። ሳይመጡ ቢቀሩስ ነው" አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ መሳቁ አላስኬድ አለኝ።

በዚህ መሐል ነው የልጅ ልጃቸው የለይላ ሠርግ የደረሰው። ሙሽራው ወልድያ ነው። አቶ ልየው ወሬውን ሲሰሙ እየሮጡ መጥተው "ለአያ ይመርማ ድንኳኑ በነጻ! የእድገቱ ፍሬ ለአባሉ ይድረስ!" አሉ። አያ ይመር እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው በራ። "ደግ፤ ቢያንስ አንድ ቀን የት እንዳደረ አውቃለሁ" አሉ። ድንኳኑ እስከዚያ ድረስ ለደስታ የሚቆመው ማንም ድንኳኑን በማያውቅበት በሌላ ከተማ ነበር። በገዛ መንደሩ፣ በገዛ መንገዱ ዳር፣ ለሠርግ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ማን አሰበ? ማንም። ዕቅዱ ውስጥም አልነበረም።

የሠርጉ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት በማለዳ ድንኳኑን ከአያ ይመር ደጅ፣ ከመንገዱ አፍ ላይ ተከልን። በጓሮ በኩል ሥጋው ለየብቻ ታርዶ የእስላሙም የክርስቲያኑም ድስት ተጥዷል፤ ሴቶቹ ጉድ ጉድ ይላሉ። ሙዚቃ ሊያጫውት የመጣው ልጅ ድምፅ ማጉያውን ደርድሮ ሊጀምር ሲል፣ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የሚያመጣ ሰው ተላከ። እኛ ወንዶቹ የፕላስቲክ ወንበር እየደረደርን ዝም ብለን ቀረን። እንግዲህ እናንተ ከግራና በኩል ለገበያ የምትመጡ ሰዎች ሁኑና ተመልከቱ። ጥቁር ጨርቅ የተጣፈበት ድንኳን ቆሟል። ከሰፈሩ በዕድሜ ከሚበልጡት ሽማግሌ ደጅ ነው የቆመው። ሙዚቃ የለም። ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ወንበር ያነሣሉ። ምን ትላላችሁ?

እነሱም እንደዚያው አሉ።

መጀመሪያ የደረሱት እትዬ ደብሬ ናቸው። ከደጋው ወርደው ገበያ ሊውሉ የሚመጡ፣ ልቅሶ ቤት ግጥም በማውጣት አገር ያወቃቸው ሴት ናቸው። ከሩቅ ድንኳኑን አይተው የያዙትን ዘንቢል መንገድ ዳር ጥለው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ "ወየው አያ ይመር! ወየው ጥላዬ!" እያሉ ሲገቡ ወንበር በእጄ እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። ከኋላቸው የገበያተኛው ጎርፍ ተከተለ። "ኧረ ሠርግ ነው!" ለማለት አፌን ስከፍት ድምፄ በልቅሶው ተዋጠ። እትዬ ደብሬ ደረታቸውን እየደቁ ጀመሩ፦

አያ ይመር ይመር የመርሳዬ ዋርካ፣
ጥላህ ላይ ያረፈ ስንቱ ነበር ለካ!

ኧረ ምን ልበላችሁ! ድንኳኑ ሞላ። ልቅሶ ተገቢ አይደለም፣ ዱዓ ነው የሚሻለው እያሉ ሁልጊዜ የሚቆጡት ሼኽ ሳይቀሩ መጥተው ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ራሳቸው ተንሰቀሰቁ። ከጓሮ ወጥ ሲያማስሉ የነበሩት ሴቶች ጩኸቱን ሲሰሙ፣ ሽማግሌው አሁን ከቤት ውስጥ ልብሳቸውን ሲለብሱ ድንገት የሞቱ መስሏቸው ማማሰያውን እንደያዙ እያለቀሱ ወጡ። እንግዲህ የደገሰው ራሱ እያለቀሰ ማን ማንን "ሠርግ ነው" ይበል? ይሄኔ ደግሞ በአስፋልቱ በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሙሽራው ከወልድያ ከነአጃቢው መጣ! መኪኖቹ በአበባ አጊጠው፣ ጡሩምባቸውን እያንባረቁ መጥተው ድንኳኑ ፊት ሲደርሱ ልቅሶውን አዩ። ጡሩምባው ቀጥ አለ። ሰዎቹ ተያዩ። ወሎዬ ልቅሶ አይቶ ይጠይቃል እንዴ? ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ሚዜዎቹ ከረባታቸውን ፈትተው፣ ሙሽራው ሱፉን እንደለበሰ እየተንሰቀሰቀ ገባ። አንድ ሚዜ ከጎኔ ተቀምጦ አፍንጫውን ከጠረገ በኋላ "ወንድም፣ ማን ናቸው የሞቱት?" አለኝ በሹክሹክታ። በልቅሶ ሕግ መሠረት ሰዓቱን ጠብቆ ነው የጠየቀኝ።

መልስ ሳልሰጠው ወደ ቤቱ በር ሮጥሁ፤ ለይላ ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ትዳሯ በልቅሶ ሊጀመር ነው። በሩ ላይ ከአያ ይመር ጋር ተጋጨን። አዲስ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው፣ ነጭ በነጭ ሆነው፣ ግማሽ መጋረጃው ውስጥ ተሸሽገው ያያሉ።

"አያ ይመር! ቶሎ ይውጡና ይዩዎት!" አልሁ።

እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። የሽማግሌ ጉልበት አልነበረም። "ዝም በል! እስቲ ልስማ። ይህን ያገኘ ሰው ማን አለ?"

እንግዲህ ሁለታችን መጋረጃ ውስጥ ቆመን የአያ ይመርን ልቅሶ አየን። እሳቸው የሚገባውን ሰው ሁሉ እየጠቆሙ፣ ሹክ ይሉኛል። "የውርጌሳው ነጋዴም መጣ! ሱቁን ማን ላይ ጥሎ ነው? ያቺ ደግሞ ልጇን ያስታረቅሁላት ናት። ኧረ ይሄ ሁሉ ሰው!" እትዬ ደብሬ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

ውኃ ሲያጣላቸው ወንድምና ወንድም፣
ይመር ሳያስታርቅ ጀንበር አትወርድም!

"ይሄስ ተጋኗል" አሉ አያ ይመር፣ ግን ጥርሳቸው እስከ ድዳቸው ታየ። በዚህ ጊዜ ያ ሰላምታውን በጓሮ የሚወረውርላቸው፣ ከጉባኤው በኋላ ደግሞ በውኃ ተራ ተጣልተው ጭራሽ ያኮረፋቸው ጎረቤታቸው፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ አካፋውን በትከሻው እንደያዘ እየጮኸ ገባ። "ሳልታረቅህ! ሳልታረቅህ!" እያለ መሬት ላይ ወደቀ። አያ ይመር እጄን ለቀቁት።

"ውኃውን ለቆ ነው የመጣ" አሉ። "ተራው ደርሶ፣ ውኃው በማሳው እየገባ ሳለ፣ ለቆ ነው የመጣ።" ከዚያ ያን የሚያህል ሽማግሌ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እኔም ዓይኔን መጋረጃው ላይ ጠረግሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የማለቅሰው፣ እንዲህ ያለ ደስታ ዳግም አላገኘሁም።

በመጨረሻ አቶ ልየው መጡ። ጄኔሬተር ፍለጋ የሄዱት እሳቸው ኖረዋል፤ ሲመለሱ ያን ሁሉ ልቅሶ አይተው ሽማግሌው በልጅ ልጃቸው ሠርግ ቀን ሞቱ ብለው አመኑ። "አልሰማሁዎትም አባቴ! ሲነግሩኝ አልሰማሁዎትም!" ይላሉ፣ እስክሪብቶዎቻቸው ከኪሳቸው እየወደቁ። አያ ይመር ከዚህ በላይ አልቻሉም። መጋረጃውን ገልጠው፣ ነጭ በነጭ እንደሆኑ፣ ከእትዬ ደብሬ ፊት ለፊት ሄደው ቆሙና "ደብሬ፣ ሐዋን አላነሣሻትም እኮ!" አሉ።

አንዱ "ያረቢ!" አለ፣ ሌላው አማተበ። ያ ቅድም ከጎኔ የነበረው ሚዜ ሊሮጥ ተነሥቶ በፕላስቲክ ወንበር ተደናቅፎ ወደቀ። እትዬ ደብሬ አፋቸውን ከፍተው ነጩን ጥምጥም፣ ሱፍ የለበሰውን ሙሽራ፣ የሴቶቹን ማማሰያ በየተራ አዩ። ገባቸው። ግጥም የሚያወጣ ሰው ግን ግጥም ሲጠየቅ እምቢ አይልምና፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ ያንኑ ዜማ ይዘው እጃቸውን ወደ ጭብጨባ መለሱት፦

ሐዋ ቀድማ ሄዳ በር ከፍታ ብትጠብቅ፣
ይመር ቀረ አሉ ሠርግ ቤት ገብቶ ሲስቅ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ በቃል አልችለውም። እልልታው ከጓሮ ጀመረ፣ በድንኳኑ አልፎ አስፋልቱ ላይ ወጣ፤ የቆሙት መኪኖች ጡሩምባቸውን አንድ ላይ ለቀቁት። ጎረቤታቸው ከነጭቃው ተነሥቶ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ፤ ነጩ ልብሳቸው ጭቃ በጭቃ ሆነ፤ ማን ይጠንቀቅለት! ከሙሽራው ሽማግሌዎች አንዱ "ነገሩ ምልኪ እንዳይሆን" ብለው ጉም ጉም ቢሉ አያ ይመር ሰሟቸውና "ሳልሞት ተለቅሶልኝ፣ አልቃሼ ምሳ እየበላ፣ ከዚህ በላይ ምን ምርቃት አለ?" አሏቸው። ለይላ ስትስቅ ኩሏ ፊቷን ሞላው። ገበያ የወረደ ሰው ሁሉ ሠርገኛ ሆኖ ቀረ፤ ሽሮው፣ ሥጋው፣ ብርዙ እንዴት እንዳዳረሰ ዛሬም ይገርመኛል። መብራት የመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ያስታወሰው አልነበረም።

አሁን እናንተ "ከዚያ በኋላ ሰዉ ተሰብስቦ፣ መክሮ፣ እድገቱን አቆመው" እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኛ ያን ያህል ብልሆች አይደለንም። እድገታችን ያበቃው ተከራይ ጠፍቶ ነው! ወሬው በሚኒባስ ወልድያ ገባ፤ የመርሳው ድንኳን በቆመበት አልቃሽ ይጠራል ተባለ፤ ሠርግ ያለው ሰው ሁሉ ሌላ ድንኳን ፈለገ። የሳሙናው ነጋዴ እንኳ ስልክ ማንሣት ተወ። አቶ ልየው ጥቂት ቀን ደወሉ፣ ተመላለሱ፣ ዋጋ ቀነሱ። ከዚያ ድንኳኑ ተጣጥፎ መጋዘኑ ገባ።

እነሆ ከእድገት በኋላ ያለው ዓለም! እኔ እንዳየሁት ያን ያህል አያስፈራም። ፀሐይዋ በዚያው በኩል ትወጣለች። ማንጎውም በጊዜው ይደርሳል። ከፕላስቲክ ወንበሮቹ አንዳንዱ እግሩ ሲሰበር የድሮው አግዳሚ ተመልሶ ወጣ፤ አግዳሚ ደግሞ ሰውን ጠጋ ጠጋ ያደርጋል። ያ ጎረቤት የአያ ይመርን ውኃ አንዳንድ ቀን እሱ ያጠጣላቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይጣላሉ፤ ሲጣሉ ግን አሁን ፊት ለፊት ነው። አያ ይመርም በመጋዘኑ በኩል መዞር ትተዋል። "ድንኳኑ ኖረ አልኖረ ምን አገባኝ፤ የሚመጣውን አይቼዋለሁ" ይላሉ። ሳሉንም አይውጡትም፤ እንደልባቸው ይስላሉ።

በዚህ ሁሉ የተቸገረ አንድ ሰው ቢኖር አቶ ልየው ናቸው። ዕቅድ የሌለው ዕቅድ አውጪ ምን ይሆናል? ብዙ ቀን ሰፈሩን ሲዞሩ ከረሙ። ኋላ ኋላ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከአያ ይመር ማንጎ ሥር፣ ከመስኖው ቦይ ዳር መቀመጥ ጀመሩ። ሁለቱ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ከሚኒባስ ወርጄ ሳልፍ ግን "መምህር፣ አረፍ በል" ብለውኝ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ውኃው በቦዩ ይወርዳል። ማንም አይቸኩልም። አቶ ልየው በእንጨት መሬቱን ሲጭሩ ቆዩና ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"አያ ይመር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቅ።"

"እኔ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። በሥራ መጣሁ፣ በሥራ ቀረሁ። አንቱ ያን ቀን የመጣልዎትን ሰው አዩት። እኔ…" አሉና እንጨቱን ሰበሩት። "እኔ ብሞት ማን ይመጣ ይመስልዎታል?"

ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ ሰታቴ፣ ያ ሁሉ "አደግን እኮ" ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አያ ይመር አልሳቁም። ደህና አድርገው ካዩዋቸው በኋላ፣ የከበደ እጃቸውን አቶ ልየው ጉልበት ላይ ጣል አደረጉ።

"አንተ ብቻ ሙት" አሏቸው፤ "ሰዉን ለእኔ ተወው።"

እኒህ ሰው እኮ አቶ ልየውን በዕድሜ ይወልዷቸዋል። ይህን ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አላሰቡት። አቶ ልየው እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው "እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ተገላገልሁ" አሉ፤ ያን ማታም ደህና እንቅልፍ እንደተኙ በማግሥቱ ነገሩኝ።